ጨው የቀመሰች ባትሪ

ሄዶ የሚመለስ ነገር አያስፈራም። ገበያ የሄደ ሰው ይመለሳል፤ አኩርፋ የሄደች ሚስትም ሽማግሌ ከተላከባት ትመለሳለች። የሚያስፈራው ሄዶ የሚቀረው ነው። እኔ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ይህን ያስተማረችኝ አንዲት የጣሊያን ባትሪ ናት።

መተማን ጣሊያን በያዛት ዘመን እኔና የአክስቴ ልጅ አያ ተገኘ ለጦር ካምፓቸው መኪናዎች ውሃ እንድንቀዳ ተይዘን ነበር። ተገኘ ዕድሜውን ከበቅሎ ጋር የፈጀ ሰው ነው። መቼም ታውቁታላችሁ፣ በእኛ ቆላ የደከመ ከብት ጨው ይልሳል፣ ይነሣል። አንድ ማለዳ ከሐማሴን የመጣው የካምፑ መካኒክ «ይቺ ባትሪ ደክማለች» ሲል ተገኘ ሰማ። አንጀቱ አልቻለም። ክዳኗን ከፍቶ አንድ እፍኝ ጨው አቀመሳት።

ባትሪዋ ጭራሽ ሞተች።

የካምፑ አዛዥ፣ ጣሊያኑ መኮንን፣ መጥቶ ተቆጣ። ሰው ያበላሻት እንደሆነ ስቅላት ነው አለ፤ መካኒኩ ተረጎመልን። ባይተረጉመውም ይገባን ነበር፤ የስልክ ሽቦ ቆረጠ የተባለውን ሰው ገበያው ዳር ካለው ዋርካ ላይ ተሰቅሎ አይተነዋል። እንግዲህ የተገኘ ነፍስ በባትሪ ላይ ተንጠለጠለች።

መካኒኩ ባትሪዋን ከሞተር ጋር አገናኘና መርፌ ያላት ሰዓት መሳይ ዕቃ አጠገቧ አኖረ። «ጤነኛ ባትሪ እንደ ደግ ጎረቤት ናት» አለን ቀስ ብሎ። «ስሰጣት መርፌው ወዲህ ይሄዳል፤ ስቀበላት ወዲያ ይመለሳል።» ሰጣት። መርፌው ሄደ። ሊቀበላት ሽቦውን አዞረ። መርፌው መሐል ላይ ደርቆ ቀረ። ደገመው፤ ያው ነው።

መካኒኩ ጎንበስ ብሎ አሸተታትና ተገኘን አየው። ተገኘ የጨው ከረጢቱን ሊያሳየው እጁን ሲሰድ፣ ቀድሜ ተቀመጥሁበት።

«ትነሣ ብዬ እኮ ነው» አለ ተገኘ።

«ዝም ይበሉ አባቴ» አለ መካኒኩ፤ «ይቺ መነሻ የላትም።»

ከዚያ ለመኮንኑ በጣሊያንኛ አንድ ነገር ነገረው። ቃሉ አልገባኝም፤ ጣቱ ግን ወደ ፀሐይ ስታመለክት አየሁ። መኮንኑ የአንገቱን ላብ ጠረገ። ቆላችን ሲቀቅለው የከረመ ሰው፣ ፀሐይ ባትሪ ገደለች ቢሉት ምኑን ይጠራጠራል? ራሱን ነቅንቆ ሄደ።

እፎይ ልል ስል ተገኘ ጆሮዬ ሥር መጣ።

«ለሌሎቹ ባትሪዎችማ ትንሽ ትንሽ ነው የሰጠኋቸው» አለኝ።

ውሃ ልንቀዳ እንደወጣን በዚያው አርማጭሆ ጫካ ገባን። ዛሬ ሰው ሁሉ የአገር ፍቅር ጫካ ያስገባቸው አርበኞች ይለናል። ተገኘ «እንዴታ» ይላል።