ከዝሆኑ ሥር ያለው አገር

በየሰፈሩ ለማንኛውም ክርክር «ቆይ፣ ቤት ማስረጃ አለኝ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተ ሰፈር ከሌለ ወይ አዲስ ገቢ ናችሁ፣ ወይ ሰውየው ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው ክቡር ጋሽ ሃይልኣብ ናቸው፤ የልደታ ኮንዶሚኒየም፣ የብሎካችን የካርታ ሚኒስትር። ማንም አልሾማቸውም። ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድተው ጡረታ ወጡና፣ አንድ ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴ ላይ ፈረንጆች የዛሬ ሁለት መቶ ምናምን ዓመት የሳሉትን የኛን አካባቢ ካርታ አገኙ። ከዚያ ወዲህ ሰላም የለንም።

ካርታውን የሳለውን ፈረንጅ «ሙሴ» ነው የሚሉት። ሰውየው ከሞተ ስንት ዘመኑ ነው፤ እሳቸው ግን በየቀኑ ይጣሉታል።

«እዩት ይሄን! ወንዙን ሽቅብ አስወጣው፣ ተራራ ላይ! እኔ ይሄን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያለቀስኩ ነው የወጣሁት። ወንዙ በስንተኛ ማርሽ ወጣ?» ከዚያ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ይፈርዳሉ፦ «ሙሴ እዚህ ጋ አልደረሰም!»

አንዳንዴ ደግሞ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ሳያዩት ሳሉት። ስለው ሲጨርሱ ደግሞ የኛ ነው ብለው መጡ። ድፍረታቸው!»

ይሳደባሉ እንጂ ካርታውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚጠብቁት። የካርታው ቤት ሰማያዊ የውኃ ቱቦ ነው፤ ግራና ቀኙ በጨርቅ ተወትፏል። ማየት የፈለገ እጁን ይታጠባል፣ አፉን ይይዛል። «ማየት ይቻላል፤ አትተንፍሱበት!» የብሎካችን ሰው ጂኦግራፊ የተማረው ትንፋሹን ይዞ ነው። እትዬ የሺሀረግ አንዴ አስነጥሷቸው ሁለት ወር ሰላምታ ተከልክለዋል።

ውኃ ለአራት ቀን የጠፋ ጊዜ ጀሪካን ይዘን ደረጃው ላይ ስናማርር ቱቦው መጣ። ሙሴ ለካ እኛ ብሎክ አካባቢ ትልቅ ሐይቅ ስሎልናል። «ውኃ የለም የምትሉት ማስረጃ ስለማታዩ ነው» አሉን። እየተበሳጨን ሳቅን።

ጎረቤታችን አሌክስ ደግሞ ሊያፋጥጣቸው ሞክሮ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ያደርጋል ይሄ? ስልኬ ላይ ዓለም በሙሉ አለ።»

«ስልክህ ላይ ዝሆን አለ?»

«ኧረ የለም።»

«እንግዲያው!» ብለው ጠቅልለው ገቡ። ሙሴ የማያውቀው ቦታ ሲደርስ ዝሆን ይስልበት ነበር። አንዱ ዝሆን ስንት ወረዳ ተኝቶበታል!

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ሰብለወንጌልን ላገባ ስለነበር ነው።

አባቷ አቶ ሀብተ ማርያም አብነት ሰፈር የብረት በር የሚበይዱ ቆፍጣና ሰው ናቸው። ከኔ በፊት ሽማግሌ የላከ ልጅ ነበር፤ ሽማግሌዎቹ ወሬ አስረዘሙ ብለው በአሥር ደቂቃ ሸኟቸው፣ በዚያው ቀረ። የኔ አባት በሕይወት ስለሌለ ሽማግሌዎቼን የሚመሩት ጋሽ ሃይልኣብ ሆኑ። እኔ በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ።

«ጋሼ፣ ቱቦውን አይዙትም አይደል?»

«ቱቦ ከሽምግልና ምን አገባው?»

አመንኳቸው። ፈሪ ሰው ቶሎ ያምናል።

ቅዳሜ ከሰዓት ከነሰብለወንጌል ቤት ፊት ለፊት ያለው ጁስ ቤት አቮካዶ አዝዤ ተቀመጥኩ። ልጁ ራሱ አይገባማ። እሷ ከጓዳ ሆና በቴሌግራም ታቀብለኛለች። ሽማግሌዎቼ ደግሞ እሺ ካልተባሉ ላይቀመጡ ተማምለዋል። ስለዚህ የምጠብቀው አንድ ቃል ነው፦ ተቀመጡ።

«ገቡ። ቆመዋል።»

«አባዬ የልጁ አባት አገራቸው የት ነበር አለ።»

ከዚያ፦ «ዮፍቲ፣ ያ ቱቦ ምንድነው?»

የአቮካዶውን ብርጭቆ ገፋሁት።

«ምንጣፉ ላይ ካርታ ዘረጉ። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተንበርክከዋል።»

«አባትሽስ?»

«ቆሟል።»

«ፊታቸው?»

«እንደ በር።»

«የትኛው በር?»

«የሚሸጠው።»

አለቀልኝ አልኩ። ሒሳቡን ከፍዬ በየት በኩል እንደምሸሽ ማሰብ ጀመርኩ።

«የዮፍታሔ አባት አገር ይኸውልዎ ብለው ዝሆን አሳዩት።»

«አባዬ ‹ይሄ ዝሆን ነው እኮ› አለ።»

«ጋሽ ሃይልኣብ ‹አዎ፣ ከሥሩ ነው› አሉት።»

ስልኩን ደፋሁት። መልሼ ገለበጥኩት።

«ዮፍቲ!! አባዬ ተንበረከከ። ዋንዛ በርን እየፈለገ ነው፣ የተወለደበትን።»

«አገኙት?»

«ዝሆኑ በኋላ እግሩ ረግጦታል።»

ከዚያ በኋላ ስልክ አላስፈለገኝም፤ የአቶ ሀብተ ማርያም ጩኸት መንገዱን ተሻግሮ መጣ። «ዋንዛ በርን?! ሁለት ገበያ፣ ሦስት ቤተ ክርስቲያን ያለው አገር! ዝሆን የሚባል በዓይናችን አይተን አናውቅም!» ተከትሎም አራት ሽማግሌ፣ አባቷን ጨምሮ፣ በአንድ ድምፅ፦ «ሙሴ እዚህ ጋ አልደረሰም!»

ቀጥሎ የመጣውን መልእክት እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። «አባዬ ብረት የሚያሰምርበትን ማርከር አወጣ። ልጻፍበት ወይ ብሎ ጋሽ ሃይልኣብን እየጠየቀ ነው።»

ትንፋሽ የሚከለክሉን ሰውዬ! በማርከር! እምቢ ቢሉ አልፈርድባቸውም ነበር፤ ሚስት ግን አይኖረኝም።

«ይጻፉ ጌታዬ አሉት። የልጁንም አገር አብረው ይጻፉልኝ አሉ።»

«ጻፈ። ሁለቱንም። ጎን ለጎን ናቸው። ለካ የአንድ ዝሆን ልጆች ነን አለ።»

«ዮፍቲ።»

«ተቀመጡ።»

የጁስ ቤቷን ልጅ አቀፍኳት። እሷም ምንም ሳታውቅ እልል አለች።

ሲወጡ ጋሽ ሃይልኣብ ቱቧቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። «ጋሼ፣ ካርታው…» ብዬ ጀመርኩ።

«ዝም በል አንተ! ካርታውማ ታረመ።» አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉና ወደ ታክሲው ቀድመውኝ ሄዱ። ከኋላ ሳያቸው ትከሻቸው ትንሽ ወረድ ብሏል። ሮጬ ቱቦውን ልይዝላቸው ስል እጄን መቱኝ፤ ያን ጊዜ ደህና መሆናቸውን አወቅኩ።

ለሠርጋችን ካርታውን ፍሬም አስገብተው ሰጡን። ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል፤ ጥቁሩ የማርከር ጽሑፍ ከበር ይታያል። ልደታ ከመጣችሁ ጎራ በሉ፣ ደስ ይለናል። ማየት ይቻላል።

አትተንፍሱበት እንጂ።