ወንድም ብራክስተን በቀያዮቹ ሰፈር ሳይቀምሱ የዋሉበት ዜና

በዘጠነኛው ዓመተ ሽንፈት፣ ይኸውም የቤተ ክርስቲያኑ ዩኒቨርሲቲ ሰማያዊ ለባሾች በኳስ ሜዳ በመንግሥቱ ዩኒቨርሲቲ ቀይ ለባሾች እጅ መውደቅ ከጀመሩ ዘጠነኛው መኸር በሆነ ጊዜ፣ በዩታ ምድር፣ በተራሮቹ ሥር፣ መዋዔ ረኃብ ወጽምዕ የተባሉት፣ የሰማያዊዎቹ ምሰሶ፣ የቧንቧ ጠጋኙ ወንድም ብራክስተን ስታዴል ተነሡ።

የተነሡበትም ምክንያት ይህ ነው። በክረምት የተወለደችው ልጃቸው እሑድ በጸሎት ቤት፣ በአባቷ እጅ ተይዛ፣ በጉባኤ ፊት ስም ሊወጣላትና ልትባረክ ቀጠሮ ነበራት። የእናቷ አባት የሆኑት አያቷ ግን፣ የቀያዮቹ ፀሐይ ጋይለን ፒኮክ፣ የጸሎት ቤቱን ደፍ ከረገጡ ሃያ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበርና አሻፈረኝ አሉ። ልጃቸው ካምሪ፣ የብራክስተን ሚስት፣ ሦስት ቀን አኮረፈች። በአራተኛው ቀን ጋይለን በምሳ ገበታ ላይ ይህን አዋጅ ነገሩ፦

«በቅዳሜው ግጥሚያ ሰማያዊ ካሸነፈ እመጣለሁ፣ ሰማያዊ ከረባትም አስራለሁ። ቀይ ካሸነፈ ግን፣ አንተ ልጄ፣ የኔን ቀይ ከረባት አስረህ ትባርካታለህ፤ እኔ ደግሞ ቤቴ ተጋድሜ እተኛለሁ!»

ወእምዝ ብራክስተን መከሩ። የወገኖቻቸው ልማድ በየወሩ መጀመሪያ እሑድ ሁለት ማዕድ ያለ እህል ያለ ውኃ መጾም ነው፤ የልጅቱም እሑድ ይኸው ነበር፤ እሳቸው ግን በሕግ ያልተጻፈ አንድ ቀን ጨምረው፣ «እኔ ከቅዳሜ ማለዳ ጀምሬ ለኳሱ እጾማለሁ!» ብለው አስነገሩ። ካምሪም፣ «ደግ! ሁለት ቀን ሙሉ የሚነጫነጭ ባል አገኘሁ!» ብላ አዋጁን አጸናች።

ቅዳሜም በስታዲየሙ መኪና ማቆሚያ የቀያዮቹ ሠራዊት፣ ይኸውም የካምሪ ዘመድ ሁሉ፣ ሰፈረ። ጎድን በጭስ የሚጠብሰው አጎት ዱዌን ነበር፤ በአይብ የተጋገረ ድንች ያዘለችው አክስት ላርሊን ነበረች፤ ካሮት የተቀበረበት፣ ጄሎ የሚባል አረንጓዴ ተንቀጥቃጭ ጣፋጭ የተሸከሙ መንታ የአክስት ልጆች ነበሩ፤ ከኋላቸውም ጥብስ ድንችና ሮዝ ማባያ የጫነ ጋሪ ይከተል ነበር። ሁሉም በአንድ ሰው ላይ ዘመቱ።

«ብራክስ፣ ጎድኑ እኮ እያለቀሰልህ ነው!» ሲል ዱዌን አወጀ። «የኔ ልጅ፣ ጄሎ ምን ምግብ ነው? አፍ ውስጥ ይሟሟል እኮ!» ስትል ላርሊን አወጀች። ጀግናው ግን አፍንጫቸውን በሁለት ጣት ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ፣ ጸኑ።

ጨዋታው በተጀመረ ጊዜ ያ በእጅ ተይዞ የሚሮጥበት፣ እንቁላል የሚመስለው ኳስ ወደ ሰማያዊዎቹ አደላ። ከጨዋታው አራት ክፍሎች በሦስተኛው ሰማያዊ በዐሥር ነጥብ መራ። በሰማይ ምንም የለም ሲሉ የኖሩት ጋይለንም ላብ አጠመቃቸው፤ ጥብስ ድንች ጨብጠው አማቻቸውን በወንበሮቹ መካከል አሳደዱ።

«ብላ! ብላልኝ ልጄ፣ ይሄ ጾምህ እየሠራ ነው!»

«አመኑ! ጋይለን አመኑ!» ብሎ ሕዝቡ አስተጋባ።

«አላመንኩም! ብቻ አንዷን ድንች ዋጥልኝ!»

ጀግናው አልዋጡም። ቀያዮቹ ግን ነጥብ በነጥብ ደርሰው በአንድ ቀደሙ። ሦስት ሰከንድ ሲቀር የሰማያዊዎቹ መቺ መታ፤ ኳሱ ወጣ፣ የግቡን ምሰሶ ገጨ፣ ጥቂት እንደማሰብ አለና ወደ ውጭ ወደቀ። ሰማይ ቀላ። ጋይለን ከረባታቸውን ፈትተው በተራበው አንገት ላይ አሰሩ፤ «ነገ እስከ እኩለ ቀን እንቅልፍ ነው!» ብለውም አወጁ። ካምሪም ሕፃኗን ይዛ ወደ መኪናው ሄደች።

እሑድም ብራክስተን፣ ዛሬም ሳይቀምሱ፣ ያን እሳት የመሰለ ከረባት አስረው በጉባኤው ፊት ቆሙ። ሰማያዊዎቹ አቃሰቱ፤ የጸሎት ቤቱን መሪ ኤጲስ ቆጶሱን ሳል ያዛቸው። በዚያን ጊዜ የኋላው በር ተበረገደ፤ ጋይለን ፒኮክ ኮት ለብሰው፣ ስልካቸውን እንደ ሰንደቅ ከፍ አድርገው ገቡ።

«ይህን ሳላይማ እንቅልፍ አይወስደኝም! ቀጥል ልጄ፣ እኔ ፎቶ ላነሳ ነው የመጣሁት!»

በመጀመሪያው ረድፍ ካምሪ አጠገብ ተቀመጡ። ብራክስተን ሕፃኗን አቅፈው «ማርዲስ» ብለው ስሟን በጠሩ ጊዜ አያቷ ያነሷቸው ፎቶዎች ሁሉ ደብዝዘው ወጡ።

ክብር ለወንድም ብራክስተን ስታዴል፣ ለጽኑዕ ጨጓራ፣ በሜዳ ድል ነሥቶ ማስገባት ያቃተውን ምርኮ ተሸንፎ ላስገባ! ሃያ አንድ ዓመት ያልተከፈተውን ደጅ በጸሎት ያልከፈቱት፣ በስብከት ያልከፈቱት፣ በአንገታቸው ውርደት ከፈቱት።