ጋሼ ይልማና የካንጋሮዋ ልጅ

የዚያ የስፌት መኪና «ተክ ተክ ተክ» እስከ ዛሬ ከወይንሸት ጆሮ አልወጣም፤ ባስታወሰችው ቁጥር ትናደዳለች። በየከተማው ሳይጠየቅ የሚመልስ አንድ ሰው አይጠፋም። የሸዋ ሮቢቱ ግን ሱቁን የከፈተው ከስድስተኛ ክፍል መስኮት ሥር ነበር፤ ክቡር ሊቀ ሊቃውንት፣ ልብስ ሰፊው ጋሼ ይልማ።

ለድሬሰሩ ስለ ወባ፣ ለሾፌሩ ስለ ፍሬን፣ ለቄሱ ስለ ባሕረ ሐሳብ ያስረዳሉ። ማስረጃቸው አንድ ነው፤ «የታወቀ ነው።» አንድ የቀወት ገበሬ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ ስለ ገዛ ማሽላው ሲያስተምሩት ሳይለካ ሄዷል።

በ፲፱፻፷፪ ዓ.ም. ወይንሸት ለሙከራ የተቀጠረች የሳይንስ አስተማሪ ነበረች። ቋሚ የምትሆነው ተቆጣጣሪው ክፍሏ ገብተው ካዩ በኋላ ነው። ያን ሰሞን ስለ ባለ ከረጢት እንስሳት ታስተምር ነበር፤ ካንጋሮ ልጇን የባቄላ ፍሬ አሳክላ ትወልዳለች፣ ልጇ ፀጉሯን እየቧጠጠ ሆዷ ላይ ካለው ከረጢት ይገባል፣ እዚያው ጡት እየጠባ ያድጋል፣ ስለዚህ ካንጋሮ አጥቢ ናት።

ፈተናውን ስታርም ደሟ ፈላ። አሥራ ዘጠኝ ልጆች ከመስኮቱ ሥር የሰሙትን ቃል በቃል እንዲህ ጽፈዋል፤ «ካንጋሮ ሰኮናዋ ስላልተሰነጠቀ አትበላም። ስለዚህ ከአህያ ወገን ናት፤ ልጇም ውርንጭላ ይባላል።»

ወረቀቱንና መጽሐፏን ይዛ ሱቁ ገባች።

«ጋሼ ይልማ፣ አስተማሪው እርስዎ ነዎት ወይስ እኔ?»

ቀና እንኳ አላሉም። መርፌያቸው ላይ ክር እየሰኩ፣ «አንቺ ልጅ፣ ጆሮዋን አላየሽም? የታወቀ ነው እኮ» አሉ።

«አህያ ከረጢት አላት?»

«ጭነት ትሸከም የለ? ይቺ ጭነቷን ወደ ፊት አዞረችው፣ በቃ።»

መጽሐፉን የስፌት መኪናው ላይ ወረወረችው። ሐሙስ ተቆጣጣሪው ሲመጡ ልጆቹ ውርንጭላ ካሉ ከሥራ መባረሯ እንደሆነ፣ እንጀራዋን እየነጠቋት እንደሆነ ነገረቻቸው። ጋሼ ይልማ ክራቸውን መሰካት ቀጠሉ። ይህ ይባስ አናደዳትና መጽሐፏን እዚያው ትታ ወጣች።

ሐሙስ ዕለት ተቆጣጣሪው ከኋላ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ጋሼ ይልማ ሳያንኳኩ ገቡ። ወይንሸት ነደደች። ከመጽሐፏ ጋር፣ ከዩኒፎርም ካኪ ቁርጥራጭ የተሰፋች ካንጋሮ ይዘዋል። ጆሮዋ አሁንም የአህያ ነው። ከረጢቷ ውስጥ ግን ባቄላ የምታክል የጨርቅ ልጅ ነበረች። ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ተቆጣጣሪው ተነሥተው ልጇን በሁለት ጣታቸው አወጧትና ወደ ልብስ ሰፊው ዞሩ።

«ይህቺስ በአማርኛ ምን ትባላለች?»

ወይንሸት ዓይኗን ጨፈነች። መጽሐፉ ለካንጋሮ ልጅ የተለየ ስም አልሰጠም፤ ጋሼ ይልማ ግን «ውርንጭላ» ብለው አውጥተውለታል። አሥራ ዘጠኝ ልጆች አፍ አፋቸውን እያዩ ይጠብቃሉ። ጋሼ ይልማ በዕድሜያቸው ጥያቄ አሳልፈው አያውቁም።

«እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ በመጨረሻ፣ ወደ ወይንሸት እየጠቆሙ። «የሚያውቁት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸውን ይጠይቁ።»

ደህና ዋሉም ሳይሉ ወጡ።