ወፍ ቆጣሪዋና ሽማግሌዎቹ

ሰው ብቻውን መሆን እንደሚችል እኛ ጎንደሮች እስካሁን አልተነገረንም። የኑሮ ውድነቱንም፣ ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ስብሰባም ችለናል፤ ብቻውን የሚቀመጥ ሰው ግን አንችልም። ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል፣ ወይ ደብቆ የሚበላው ነገር አለ። ስለዚህ ሄደን እናየዋለን። ደህና ሆኖ ካገኘነው ትንሽ ቅር ይለናል።

እንግዲህ ጎረቤቴ ስንዱ ለስድስት ወር ከሰው ወደ ራቀ ደሴት ልሄድ ነው ስትል ሰፈሩ ምን እንደሆነ ገምቱት። ስንዱ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዱር እንስሳት ታስተምራለች። ደሴቷ ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ያለች አሸዋና ዛጎል ናት፤ በውቅያኖሱ ስም አትታለሉ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኃያላኑ በቦምብ ሲያርሷት ከርመው፣ ሲደክማቸው የባሕር ወፎች መጠለያ አደረጓት። አሁን መድፉ ዝጓል፤ ወፎቹ ከጎኑ ጫጩት ይፈለፍላሉ። የእኛ ምሽጎች ገና ሥራ ላይ ስለሆኑ ለወፍ አልደረስንም። የስንዱ ሥራ እነዚያን ወፎች መቁጠር ነው።

ችግሩ አባቷ ናቸው፣ አያ ጫኔ። ስንዱ ተማረች እንጂ አልባለገችም፤ ያለ አባቷ ምርቃት ከቤት አትወጣም። እርሳቸው ደግሞ አይመርቁም። ወንድሟ ካቻምና እዚሁ አቅራቢያችን ወዳለችው ትክል ድንጋይ ከተማ እንደወጣ ቀርቷል። ያልተጠየቀ ቢሮ የለም፤ መልሱም ሁልጊዜ «እናጣራለን» ነው። የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ እንድትተወው የሚለምኗት ሽማግሌዎች ሰበሰቡ። እኔም ተጠራሁ፤ ፀጉሬ ከምክሬ ቀድሞ ሸብቷልና።

የእድራችን ሊቀመንበር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እዚያ እድር አለ?»

«የለም፣ አያ» አለች ስንዱ።

«ቤተ ክርስቲያንስ?»

«የለም።»

«ታዲያ፣ አያድርገውና፣ ማን ይቀብርሻል?»

በእኛ ዘንድ የጉዞ ዕቅድ የሚጀመረው ከቀብሩ ነው። «ደሞስ ወፍ ከሆነ እዚህ ምን ጠፋ? ማሽላችንን የሚጨርሰው ምንድን ነው?» ብለው ሊቀመንበሩ ሲቀጥሉ ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ክርክሩ ያለቀ መስሎን ነበር።

አያ ጫኔ ግን «ለምን ይቆጠራሉ?» አሉ።

ስንዱ አስረዳቻቸው። ብዙዎቹ ወፎች እግራቸው ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አለ። በየዓመቱ የትኛዋ እንደተመለሰች፣ የትኛዋ እንደቀረች ይመዘገባል።

«የቀረችዋስ?»

«የት እንደቀረች ይጠየቃል፣ አባዬ። መጨረሻ የታየችበት ይፈለጋል።»

«ለአንዲት ወፍ?»

«ለአንዲትም።»

አያ ጫኔ መሬት መሬቱን አዩ። ሊቀመንበሩ ወደ ማሽላቸው ሊመለሱ አፋቸውን ሲከፍቱ ጉልበታቸውን ያዝኩ።

«እንግዲያ ሂጂ፣ ልጄ» አሉ አያ ጫኔ። «ወፍ ስትቀር የሚጠይቁ ሰዎች፣ አንቺም ብትዘገዪ የት ቀረች ማለታቸው አይቀርም። እዚህማ...»

እጃቸውን ዘርግተው መረቋት።

ልናስቀራት የተጠራነው ሽማግሌዎች አሜን አልን። ምን እንላለን?