የአንደኛ ፎቁ የሙቀት ሚኒስትር

ማሞቂያ ያለው ሕንጻ ሁሉ አንድ የሙቀት ሚኒስትር አለው። ማንም አልሾመው፣ ማንም አይሽረው። እናንተ ሕንጻ ውስጥ የለም ካላችሁ ወይ ብርድ አታውቁም፣ ወይ ሚኒስትሩ እናንተው ናችሁ።

የኛ ክቡር ሚኒስትር አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ የባቡር መካኒክ ናቸው። ሚስታቸውን ከቀበሩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጅ የላቸውም። ቢሯቸው ምድር ቤት ያለው፣ የሕንጻው ውሃ የሚሞቅበት የቦይለር ክፍል ነው። ቦይለሩ በዕድሜ ይበልጠኛል፣ እሳቸው ግን እንደ ሙሽራ ነው የሚንከባከቡት። ሌላው ሰው ገና በሸሚዝ ሲንጎራደድ እሳቸው ማጣሪያውን ያጥባሉ፣ ጭስ መውጫውን ይጠርጋሉ፣ የግፊት መለኪያው ላይ ያፈጣሉ። ለምን ተጣደፉ ሲባሉ «ሳይቃጠል በቅጠል!» ይላሉ።

ከዚያ የቤት ለቤት ጉብኝቱ ይቀጥላል። ክቡርነታቸው ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት መስኮት ሥር ያለውን፣ ሙቅ ውሃ የሚዞርበትን ብረት፣ ራዲያተሩን ነው። በእጃቸው ጀርባ ከላይ ይዳስሱታል፣ ከታች ይዳስሱታል፣ ጆሯቸውን ይለጥፉበታል። «ይንቦጫረቃል! አየር ገብቶበታል!» ይሉና ትንሿን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ያስተነፍሱታል። አንድ ጊዜ ሦስተኛ ፎቅ ለቅሶ ሊደርሱ ገቡ። የሟች እህት ደረቷን እየደቃች ሳለ፣ እሳቸው መስኮቱ ሥር ሄደው መጋረጃውን ገለጥ አደረጉ። «ነፍስ ይማር። ይሄ መጋረጃ ግን ማሞቂያውን ከነነፍሱ ቀብሮታል» አሉ። ለቀስተኛው ሳቁን የሚደብቅበት አጣ።

አራተኛ ፎቅ ያለው ታክሲ ነጂ ደግሞ ሙቀት ሲበዛበት ማሞቂያውን መቀነስ ትቶ መስኮት የሚከፍት ጉድ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ሰማዩን ልታሞቅ ነው?» ብለው ከመንገድ ማዶ ጮኸውበታል።

ዋናው ጦርነት ግን በራዲያተሩ መክፈቻ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሙቅ ውሃው የሚነሳው ከታች ነው። የታችኞቹ ቤቶች መክፈቻቸውን እስከ ጥግ ከከፈቱት ሙቀቱን እዚያው ጠጥተው ይጨርሱታል፣ አምስተኛ ፎቅ የሚደርሰው ለብ ያለ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ሚኒስትሩ እየዞሩ የአንዱን ቤት በሩብ ዙር፣ የሌላውን በግማሽ ዙር ይቀንሳሉ። «ውሃ ሰነፍ ነው፤ አቋራጭ ካገኘ ደረጃ አይወጣም» እያሉ። እሳቸው ኮሪደሩን ሳይጨርሱ ሁሉም ዓይኑን በጨው አጥቦ መልሶ ይከፍታል። እኔ አምስተኛ ፎቅ እየኖርኩ አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ ሲበርደኝ ካፖርት እደርባለሁ።

ዘንድሮ ሳቁ ቀረ። እናቴ ሳንባዋን ታማ እኔ ጋ ገባች። ሐኪሙ «ይህን ብርድ ከተሻገሩ ይድናሉ፤ ክፍላቸው ግን አንድ ቀን እንዳይቀዘቅዝ» አለኝ። ብርዱም ሰው አየሁ ብሎ መጣ። አስፋልቱ በበረዶ መስታወት ሲሆን ሕንጻው በሙሉ መክፈቻውን እስከ ጥግ አዞረ፣ የእናቴ ራዲያተር ድንጋይ ሆነ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ብሰካ አሮጌው መስመር አልችል ብሎ ጠፋ። በሦስት ብርድ ልብስ ሥር ከንፈሯ ሲጠቁር አየሁ።

ወርጄ የሚኒስትሩን በር ደበደብኩ።

«ጋሼ፣ እናቴ በብርድ ልትሞትብኝ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ አልተቆጡኝም።

«ጠዋት ሁሉንም ዞሬ ለምኛለሁ» አሉ። «እሺ አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺ ይባላል፤ የዚህ ሕንጻ እሺ ግን ራዲያተር አያሞቅም።» ትንሽ አሰብ አደረጉ። «ሂድ፣ ከናትህ አትለይ። ከሰዓት ይሞቃል።»

እውነትም ሞቀ። በማግስቱም ሞቀ። የእናቴ ፊት ቀለም አወጣ፣ ሾርባም ቀመሰች። ጎረቤቶቼ ልብ ገዙ ብዬ ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን ፀጉር ሠሪ ደረጃ ላይ አቁሜ አመሰገንኳት። «ምን አድርጌልህ?» አለችኝ፣ ግራ ገብቷት።

ሚኒስትሩ ግን ከደረጃው ጠፉ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አምስት ቀን። የሚያንኳኳ የለ፣ የሚቆጣ የለ። በስድስተኛው ቀን ከፋኝና ወርጄ አንኳኳሁ። ከብዙ ሳል በኋላ በሩ ተከፈተ። ሁለት ካፖርት ደርበዋል፣ ኮፍያቸው ቅንድባቸው ላይ ደርሷል፣ በገዛ ሳሎናቸው ውስጥ ትንፋሻቸው ይጨሳል። መስኮቱ ከውስጥ በኩል በረዶ ሠርቷል።

«ጋሼ! ማሞቂያዎ ተበላሽቶ ነው?»

«የኔ ማሞቂያ ተበላሽቶ አያውቅም!» አሉ ተቆጥተው። «ዘግቼው ነው። ከቦይለሩ በላይ የተቀመጥኩት እኔ፣ ከሁሉ አብልጬ የምጠጣው እኔ። የሦስቱን ክፍል ብዘጋው ለናንተ ወጣ። አሁን በሩን ዝጋው፣ ኮሪደሩን ታቀዘቅዘዋለህ።»

መክፈቻውን ልከፍት እጄን ስሰድ እጄን መቱኝ። ብከፍተው እናቴ ትቀዘቅዛለች፣ ብተወው እሳቸው ያልቃሉ። አፈርኩ። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅኩባቸው ሰው ናቸው። ሽቅብ ሮጬ ለእናቴ ስነግራት፣ ሦስት ሳምንት ከትራሷ ያልተነሳች ሴትዮ ቀና አለች።

«እና እዚያ ትተሃቸው መጣህ? እኔ ነኝ አንተን የወለድኩ? ሂድ አምጣቸው! እምቢ ካሉ ራሴ እወርዳለሁ።»

ታክሲ ነጂው በአንድ ብብት፣ እኔ በሌላው ደግፈን አወጣናቸው። በየፎቁ ቆመው ቧንቧ ይዳስሳሉ፤ እኛ ደግሞ ሳላቸውን አስጨርሰን እንቀጥላለን። ታክሲ ነጂው በራፉ ላይ ስንደርስ አንዴ አስቁሞን ገባና መክፈቻውን በግማሽ ዙር ቀንሶ ተመለሰ። «ቀንሻለሁ፣ ጋሼ» አላቸው። «ውሸትህን ነው» አሉት።

አሁን ሳሎኔ ሶፋ ላይ ናቸው። ሐኪሙ የሁለቱንም ደረት አዳምጦ ስለ እናቴ ፈገግ አለ፣ ስለሳቸው ግን ዝም አለ። እሳቸው ዝም አላሉም። ሶፋው ራዲያተሩን ጋርዷል፣ ድስቱ ያለ ክዳን ይፈላል፣ እኔ በር አከፋፈት አላውቅም። ቀኑን ሙሉ ይነተርኩኛል።

ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ሳል አዳምጣለሁ። ቀጭኑ የእናቴ ነው፣ ወፍራሙ የሳቸው። ዛሬ ቀጭኑ ተሰማ፣ ወፍራሙ ቀረ። ጠበቅሁ፤ የለም። በባዶ እግሬ ሳሎን ስደርስ ክቡር ሚኒስትሩ ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ካልሲያቸውን ያጠልቃሉ።

«ምን ያስሮጥሃል?» አሉኝ።

«ሞቱ ብዬ ነዋ!» ብዬ ጮህኩባቸው። ሰው ላይ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ካልሲያቸውን እንደያዙ ደንግጠው አዩኝ።

«እሺ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከእንግዲህ በሰዓቱ እስላለሁ።»