ሁለትን ተጭኖ መያዝ

ክፉ ወሬ ድሮ በእግሩ ነበር የሚሄደው። እናንተም ታውቁታላችሁ። አገር ቤት ሰው ሲሞት ወሬው መጀመሪያ ጎረቤት ዘንድ ያርፋል፤ ጎረቤት ለንስሐ አባት ይነግራል፤ የንስሐ አባት ሽማግሌ ይሰበስባል፤ ዘመድ ካለበት ይጠራል። ከዚያ ያ ሁሉ ሰው ባንድነት ገና ጎህ ሲቀድ የባለ ሐዘኑ ደጅ ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ያን ጊዜ ሰውየው ማን እንደሞተበት ባያውቅም አንድ ነገር እንደመጣ ያውቃል፤ ሲወድቅም የሚይዘው እጅ አያጣም። መርዶ ማለት ይህ ነው። እስከዚያች ጧት ድረስ መንደሩ በሙሉ ይዋሻል፤ ፊት ለፊቱ ይስቅለታል፣ ስለ ውርጩና ስለ ገብሱ ያወራዋል፤ ይህን ውሸት ማንም እንደ ነውር አይቆጥረውም። አሁን ግን ክፉ ወሬ እግር ማስፈለጉ ቀርቷል። ኪስ ውስጥ ሆኖ ይንቀጠቀጣል።

ይህን የምላችሁ ስልክ ጠልቼ እንዳይመስላችሁ። እንዴት ብዬ እጠላለሁ? እንጀራዬ ነው! ጎንደር ላይ አባቴ አቡጀዲና ሻሽ ይሸጥባት በነበረች ጠባብ ሱቅ ውስጥ እኔ ስልክ እሸጣለሁ። አባቴ ጨርቁን ለክቶ፣ ቀዶ፣ ጠቅልሎ ይሰጣል፤ ገዢውም ተሸክሞ ይሄዳል፤ አለቀ። ስልክ የሸጠ ሰው ግን ልጅ እንደዳረ ሰው ነው፤ አቤቱታ አያባራለትም። አንዱ "ዝም አለብኝ" ይላል፤ ሌላው "መብራቱ አልጠፋ አለኝ" ይላል፤ አንድ የኮላ ድባ ሰው ደግሞ ልጆች ሲነካኩት ስልኩ ወደ ቻይንኛ ዞሮበት፣ የደወለለትን ሁሉ እንደ ባዕድ እያየ ሳያነሳ ከርሞ መጣ። እኔም ሁሉንም በትዕግሥት አስተምራለሁ። "አረንጓዴውን ሲጫኑ ይነሳል፣ ቀዩን ሲጫኑ ይዘጋል" ማለት የዘወትር ዱዓዬ ሊሆን ምንም አልቀረው።

አያ ጫኔ ከነዚህ ደንበኞቼ አንዱ ናቸው፤ ከደንበኛም በፊት ግን የአባቴ ወዳጅ ነበሩ። ከድብ ባሕር ወዲያ ካለው ደጋ ገብስና በግ ይዘው ሲወርዱ የሚያድሩት እኛ ቤት ነው። እናቴ ለክርስቲያን እንግዳ ብላ ለብቻ ያስቀመጠችው ድስትና ሳህን ነበራት፤ ጎረቤታችን እየመጣች ትሠራላቸው ነበር። አባቴ የሞተ ጊዜ አያ ጫኔ ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው፣ መስጊዱ በር ላይ ቆመው እንደ ወንድም አልቅሰዋል። ሚስታቸው ካረፈች ወዲህ በዚህ ዓለም ላይ የነበራቸው አንድ ልጅ ብቻ ነው። ማለደ ይባላል።

ማለደ መስቀል ካለፈ በኋላ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሊወርድ ሲል አባቱን ይዞ ሱቄ ገባ። የማይሰበር ስልክ እንድመርጥላቸው ለመነኝ። አያ ጫኔ ግን ከበሩ አልገባ አሉ።

"እኔን ስልክ ምን ይሠራልኛል? የምፈልገው ሰው ሁሉ ስጠራው ይሰማኛል።"

"እኔ መተማ ሆኜ ብትጠራኝ እሰማሃለሁ?" አለ ማለደ።

ሽማግሌው ወደ መደርደሪያው አንገታቸውን አሰገጉ። "እንግዲያስ መብራት ያለውን ስጠኝ፤ ባይጠራም በጎቹን አይበታለሁ" አሉና ገቡ።

እኔም እንደ ልማዴ ጀመርሁ። የኋላ ሽፋኑን በጥፍሬ ፈልቅቄ ከፈትሁት፤ ባትሪውን አወጣሁት፤ ሲም ካርዱን በየትኛው ጎኑ እንደሚገባ አሳየኋቸው፤ ሁሉንም መልሼ ገጠምሁ። ከዚያ እሳቸው ራሳቸው እንዲፈቱና እንዲገጥሙ አደረግሁ። ጠመንጃ ሲፈቱ ላደጉ ሰው አልከበዳቸውም። ቁጥር ማንበብ አይችሉምና ማለደን ሁለት ላይ፣ እኔን ሦስት ላይ መዘገብሁላቸው። "ሁለትን ተጭነው ይያዙ፤ እስኪጠራ ድረስ አይልቀቁ" አልኋቸው። ማለደ ለሙከራ ወደ መንገዱ ወጣ። አያ ጫኔ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ያዙ፤ ያዙና የሱቄ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ጮኹ።

"ማለደ! አለህ?"

"አለሁ አባባ!"

"ወዴት ነህ?"

"ፊት ለፊትህ!"

አላፊ አግዳሚው ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ፤ የፊት ጥርሳቸው አለመኖሩን ያን ቀን ነው ያየሁት።

የጥንቃቄውንም ነገር አላስቀረሁባቸውም። ዝናብ እንዳይነካው፣ እሳት ዳር እንዳያስቀምጡት፣ ቻርጅ ላይ ሳለ እንዳያወሩበት፣ የማያውቁት ሰው ደውሎ ሎተሪ ደርሶዎታል ቢላቸው ቀዩን እንዲጫኑ፣ ሁሉንም ነገርኋቸው። ስልኩ ልጅዎ ሞተ ቢልዎ ግን ምን እንደሚያደርጉ አልነገርኋቸውም። ካርቶኑ ውስጥ ያለው መመሪያም፣ ደጋግሜ አይቼዋለሁ፣ ስለዚህ ምንም አይልም።

አያ ጫኔ ስልካቸውን ወደዱት። የገበያ ለታ ድብ ባሕር መንገድ ዳር ካለ ሻይ ቤት ባትሪውን ያስሞላሉ። መንደራቸው ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ፣ ከአንድ ትልቅ ኮሶ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ሁሉ ቁልቁል ወደ ቤቱ ሲሄድ እሳቸው ሽቅብ ወደ ኮሶው ይወጣሉ፤ ሁለትን ተጭነው ይይዛሉ። "አለህ?" "አለሁ።" ሌላ ብዙ ነገር አያወሩም ነበር ይላሉ።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረቡዕ፣ እኔ ዘንድ ተደወለ። ከማለደ ጋር ያጭድ የነበረ ጓደኛው ነው። ወባ። ሐኪም ቤት ሳያደርሱት መንገድ ላይ ሞተባቸው፤ ቆላው ደግሞ አስከሬን አያቆይምና እዚያው ቀበሩት። ማን ለቤተሰብ ይንገር በሚል ሲገፋፉ ሰንብተው፣ ከማለደ ስልክ ውስጥ "ከድር ሱቅ" የሚል ቢያገኙ እኔ ላይ ጣሉት። ሱቄን ዘጋሁ። ጥግ ይዤ አለቀስሁ፤ ያን የመሰለ ልጅ ለሰሊጥ!

ድብ ባሕር ወርደው ለነበሩት ለአያ ጫኔ ንስሐ አባት ደወልሁላቸው። ቄሱ ቀኑን በአፋቸው ቆጠሩና "መርዶው ቅዳሜ ጧት ይሁን" አሉ። "እህታቸው ከትክል ድንጋይ እስክትመጣ ነው። እስከዚያ ግን ስልካቸውን ዝጋልን፤ አንዱ ቅብጥብጥ ደውሎ እንዳያረዳቸው።"

"አባ፣ እኔ ጎንደር ቁጭ ብዬ የሰው ስልክ እንዴት እዘጋለሁ?"

"ምነው? አንተ አይደለህ የሸጥህላቸው?"

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሱቄ ገብቶ አያውቅም። በማግሥቱ ማኪና ተሳፍሬ ድብ ባሕር ወረድሁ፤ ከዚያ ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። መንደሩ ሥራውን ጀምሮ ነበር። ያገኘሁት ሁሉ እንዳላወቀ ሆኖ ያውቃል። አንዲት ጎረቤታቸው እኔ እየሰማሁ "አያ ጫኔ፣ ማለደ ዘንድሮ ቆንጆ ሸሚዝ ለብሶ ነው የሚመጣው፤ ሚስት ፈልግለት!" አለቻቸው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። "አሜን፣ አሜን" አሉ እሳቸው፣ በሬዎቹን አውድማው ላይ እያዞሩ።

እኔም ተራዬን ዋሸሁ። እነዚህ ስልኮች እየተበላሹ ስላስቸገሩኝ በየደንበኛው ቤት እየዞርሁ እፈትሻለሁ አልኋቸው። ስልክ ሻጭ ዳገት ወጥቶ ስልክ ሲፈትሽ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሳቸው ግን ምንም ሳይሉ ከእጀ ጠባባቸው ኪስ አውጥተው ሰጡኝ። ጀርባዬን ሰጠኋቸው፤ ሽፋኑን ፈልቅቄ፣ ባትሪውን አንስቼ፣ ሲም ካርዱን በጥፍሬ ልስብ ስል ቦታው ባዶ ነው።

ዞር አልሁ። አያ ጫኔ ያዩኛል። የጋቢያቸውን ጫፍ አነሱና የቋጠሩትን ፈቱት። ሲም ካርዱ እዚያ ውስጥ ነበር።

"እሑድ አወጣሁት" አሉኝ። "ደወልሁ፣ አልተነሳ። ቆይቶ አንድ ልጅ መልሶ ደወለ። ያለቅሳል። እያለቀሰ ነገረኝ፤ ለባልንጀሮቹ ሳይናገር መሆን አለበት።"

ባትሪውን መልሼ ገጠምሁት።

"ጮኽህ አልቅስ አለኝ ሆዴ። እንዴት አልቅስ? እዚያ ኮሶ ሥር ብወድቅ ማን ይይዘኛል? ሰው ሳይሰበሰብ፣ እህቴ ሳትመጣ ማለደን እንደ ውሻ ሞት ብቻዬን ላልቅሰው? ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይነግረኝ ይቺን አወጣኋት። እኔ አልተነገረኝም፣ ከድር። አንተም አልነገርኸኝም። ቅዳሜ ሲመጡ እሰማለሁ።"

"ቅዳሜ መሆኑን ማን ነገረዎ?"

"እህቴ ዓርብ ማታ ትደርሳለች አሉ። ለምን እንደምትመጣ ሲጠየቁ ደግሞ እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ነገር ይነግሩኛል። ሸጋ ሰዎች ናቸው፤ መዋሸት ግን አይችሉበትም።" ሲም ካርዱን መልሰው ቋጠሩና ተነሡ። "በሬዎቹ ቆሙ። ሥራ ከፈታሁ ያውቁብኛል።"

እኔ ያን ያህል መንገድ የሄድሁት እሳቸውን ከክፉ ወሬ ልጠብቅ ነበር። እሳቸው ግን እኛን ከራሳቸው ሐዘን ሲጠብቁ ሰንብተዋል። መንደሩ ለእሳቸው ይዋሻል፤ እሳቸው ለመንደሩ ይዋሻሉ፤ እኔ መካከል ቆሜ ሁለቱንም አውቃለሁ። እስከ ቅዳሜ ሁሉም ስለ ገብስ አወራ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ የገብስ ወሬ ሰምቼ አላውቅም፤ ደግሞም አልስማ።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ደጃቸው ላይ ቆምን። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በሩ ወዲያው ተከፈተ፤ አያ ጫኔ ለብሰው ቆመው ነበር። ቄሱ "አያ ጫኔ፣ እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናዎ፤ ማለደ..." ሲሉ የቀረውን አልሰማነውም። እንዲያ ያለ ጩኸት! ለይስሙላ እንዳይመስላችሁ፤ ከእሑድ ጀምሮ ታፍኖ የቆየ ነበር። ወደቁ። ብዙ እጅ ያዛቸው፤ የእህታቸው እጅ፣ የዚያች ስለ ሸሚዝ ያወራች ጎረቤታቸው እጅ፣ የእኔም እጅ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ ጎንደር ወርደው ሱቄ መጡ። ሲም ካርዱን መልሰው ከትተውት ኖሯል። "ሁለትን ስይዝ አንዲት ሴት ትመጣለች" አሉኝ።

"ምን ትላለች?"

"የደወሉለት ሰው ለጊዜው አይገኝም ትላለች። ጨዋ ናት፤ ድምፅዋም ሸጋ ነው።" ስልኩን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። "እሷ መርዶውን አልሰማችም።"

ሁለትን ላጥፋልዎ አልኋቸው። ስልኩን ከእጄ ቀሙኝ።

አርባው ካለፈ በኋላ ያ የማለደ ጓደኛ ከመተማ ሲመለስ ቦርሳውን አምጥቶ እኔ ዘንድ አስቀመጠ፤ የአባቱን ፊት ለማየት አልደፈረም። ሁለት ሸሚዝ፣ ማጭድ፣ መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ። ልብሱን አጣጥፌ መለስሁት። ስልኩን ግን እጄ ዝም ብሎ ቻርጅ ላይ ሰካው። ያለ ክፋት፣ ያለ ሐሳብ። ሱቄ የገባ ስልክ ሁሉ መጀመሪያ ይሰካል፣ ከዚያ ይበራል፤ ሥራዬ እንዲህ ነው።

እሑድ ነበር። አንዲት አዲስ ደንበኛ ፊቴ ቆማ አረንጓዴና ቀዩን አሳያታለሁ። ከኋላዬ ስልክ ጠራ። ዞር ብዬ አየሁት፤ በተሰነጠቀው መስታወት ላይ "አባባ" ይላል።

ሴትየዋ "አታነሳውም እንዴ?" አለችኝ። ይኸው አረንጓዴውን ለአገር ያስተማርሁ ሰው ቆሜ አየሁት። ጠራ፣ ጠራ፣ ከዚያ ዝም አለ። ወዲያው ኪሴ ውስጥ የእኔው ተንቀጠቀጠ። ሦስት ቁጥር ነኝና አነሳሁት። ንፋስ ይሰማል።

"ከድር" አሉ አያ ጫኔ። ድምፃቸው እንደ ልጅ ሆኗል። "ዛሬ ሴትየዋ የለችም። ጠራ እኮ። ጠራ!"

ለዚህኛው መርዶ ሽማግሌ ከየት ልሰብስብ? ጎህ ቀዶ አልፏል፤ ዳገቱ ሩቅ ነው፤ እኔም ጎንደር ነኝ።

"አያ ጫኔ" አልሁ፣ "ካጠገብዎ ሰው አለ?"

"ኮሶው አለ" አሉኝ።