የሃምሳ አለቃ ለገሠ ቤዝና የበሩ ምንጣፍ

[ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት፣ ቀኑ ሐሙስ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ካለፈ በኋላ ነው። ቦታው ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የወይዘሮዋ የአዴ ሐዋ ቤት። በቀይ ቀለም የተቀባ ከፍ ዝቅ ያለ መደብ አለው፤ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ሳህንና ስፌት ሞልቶታል፤ ከበሩ በላይ ባለው አግዳሚ እንጨት ላይ አንድ ትልቅ ምንጣፍ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

በቤቱ ጥግ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ሃምሳ አለቃ ለገሠ ቤዝ ጊታሩን አንግቶ ቆሟል። ለገሠ የማያውቀው ነገር የለም፤ ካለም እስካሁን የነገረው ሰው አልተገኘም። ዛሬ ግን ጭንቅ ይዞታል። የጦሩ የሙዚቃ ባንድ አዛዥ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቶ ቤዙን ሊሰማ ነው። ባለፈው ሳምንት ሰምቶት «ይህ ሙዚቃ ነው ወይስ ወፍጮ?» ብሎ ነበር። ዛሬም ካጓራ ለገሠ ወደ ድሮ ሥራው ይመለሳል። ድሮ ሥራው ትልቁን የሰልፍ ከበሮ በሆዱ ተሸክሞ ፀሐይ ላይ መሄድ ነው፤ ስድስት ዓመት ተሸክሟል፣ ወገቡ እስከ ዛሬ ያስታውሰዋል።

ከበሩ አጠገብ ዓብዱላሂ ቆሟል፤ በስፌት መኪና ድምፅ በተሰየመው በመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊ ነው። የመጣው የባንዱን ኮት ሊለካ ነው። የአዴ ሐዋ ጎረቤት በመሆኑ ክፍሉንም ለባንዱ ልምምድ ለምኖ ያስፈቀደው እሱ ነው። አፉ ውስጥ ስፒል ስለማይጠፋ ቀስ ብሎ ይናገራል። ለገሠ ግን ቀስ ብሎ የሚያስብ ይመስለዋል።]

ለገሠ: አይሰማም አልኩህ!

ዓብዱላሂ: ይሰማል እኮ፣ ሃምሳ አለቃ።

ለገሠ: የምመታው እኔ ነኝ ወይስ አንተ?

ዓብዱላሂ: የሚመቱት እርስዎ ነዎት። የምሰማው ግን እኔ ነኝ።

ለገሠ: እኔ እኮ ማጉያውን ተደግፌ ነው የቆምኩት! እዚህ ሥሩ ያልተሰማ እዚያ በር ላይ እንዴት አድርጎ ይሰማል?

ዓብዱላሂ: እንጃ። እዚህ ግን በሩ ይንቀጠቀጣል። ግቢ የታሰረችው አህያም ጆሮዋን አቁማለች።

ለገሠ: አህያ ስለ ቤዝ ምን ታውቃለች?

ዓብዱላሂ: ምንም አታውቅም። ግን ሰምታለች።

ለገሠ: [ማዞሪያውን እስከ መጨረሻው እየጠመዘዘ] አሁን እናያለን!

[ወፍራሙን ክር መታው። ቤቱ በሙሉ «ዝርርርር» አለ። ለገሠ የጥይት ድምፅ እንደሰማ ሰው ጎንበስ አለ።]

ለገሠ: ተቀደደ! ማጉያው ተቀደደ! አለቀልኝ! ካቻቢቴ አምጣ!

ዓብዱላሂ: እኔ ያለኝ መቀስ ነው።

ለገሠ: መቀስ ምን ያደርግልኛል? ሆዱን ከፍቼ ማየት አለብኝ! ውስጡ ያለው ወረቀት ተቀዷል። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ነገር ስንት ጊዜ በእጄ አልፏል መሰለህ!

ዓብዱላሂ: ተሠርቶ ነው ያለፈው?

ለገሠ: አልፏል አልኩህ እኮ!

ዓብዱላሂ: እሺ። አሁን እስቲ አንዴ ይድገሙት።

ለገሠ: የተቀደደ ነገር ላይ ልድገም?

ዓብዱላሂ: አንዴ ብቻ፣ በአላህ።

[ለገሠ እያጉረመረመ መታ። ዓብዱላሂ እጁን ዘርግቶ ግድግዳው ላይ ያለ አንድ ባለ ሰማያዊ አበባ ሳህን ጫን አለ። ዝርርታው በግማሽ ቀነሰ። በሌላኛው እጁ ጎኑ ያለውን ሳህን ጫነ። ዝም አለ።]

ዓብዱላሂ: ሳህኑ ነው።

ለገሠ: ሳህን ኤሌክትሪክ አለው?

ዓብዱላሂ: የለውም።

ለገሠ: ገመድ ገብቶበታል?

ዓብዱላሂ: አልገባበትም።

ለገሠ: ታዲያ ማጉያዬን እንዴት ያንጫርረዋል?

ዓብዱላሂ: ማጉያውን አይደለም። እርስዎ ሲመቱ ሳህኑ ግድግዳውን ይመታዋል። እኔ ሱቅ የስፌት መኪናዬን በፍጥነት ስረግጥ መደርደሪያ ላይ ያለው የሻይ ብርጭቆ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ለገሠ: ስማ፣ ይሄ ከውጭ አገር የመጣ ቤዝ ጊታር ነው። ከስፌት መኪና ጋር በአንድ አፍ አይጠራም።

ዓብዱላሂ: እሺ። ልልቀቀው?

[ለቀቀው። ለገሠ መታ። ዝርርርር!]

ለገሠ: ያዘው! ያዘው! አትልቀቅ!

ዓብዱላሂ: እጄ ሁለት ነው፣ ሃምሳ አለቃ። ሳህኑ ሃያ ሰባት ነው።

[ከኪሱ ቁርጥራጭ ጨርቅ አውጥቶ በየሳህኑ ጀርባ ይወትፍ ጀመር። ለገሠ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆጣጠራል፤ ያልታዘዘ ሥራ ሲሠራ ማየት አይችልም፣ ስለዚህ እያከታተለ ያዛል።]

ለገሠ: ያንንም! ከሱ በላይ ያለውን! አዎ፣ እኔ እንዳልኩህ አድርገው! አየህ፣ ድምፅን መቆጣጠር ማለት ይሄ ነው። እኔ ባልደርስ ኖሮ ማጉያውን ትከፍተው ነበር።

ዓብዱላሂ: እኔ?

ለገሠ: መቀስ ይዘህ ነበር እኮ!

ዓብዱላሂ: [ስፒሉን ከአንዱ የአፉ ጥግ ወደ ሌላው አዛውሮ] አልሐምዱሊላህ፣ ደረሱልኝ።

[ለገሠ እንደገና መታ። ሳህኖቹ ጸጥ አሉ። ግን ሌላ ጉድ መጣ። ድምፁ በርሜል ውስጥ እንደወደቀ ድንጋይ «ቡምምም» እያለ ይንከባለላል። አራት የተለያየ ድምፅ መታ፤ አራቱም አንድ ሆነው ወጡ።]

ለገሠ: አሁን ደግሞ ምን ሆነ?

ዓብዱላሂ: አንዱን ነው ደጋግመው የሚመቱት?

ለገሠ: አራት ነው የመታሁት!

ዓብዱላሂ: አንድ ነው የደረሰኝ።

ለገሠ: ጆሮህን ታጠብ!

ዓብዱላሂ: ዛሬ ሦስት ጊዜ ታጥቤያለሁ፤ ለሱብሂ፣ ለዱሃና ለዙሁር።

ለገሠ: እንግዲያውስ ክሩ አርጅቷል። ወይ የቤቱ መብራት ደክሟል። የሐረር መብራት ለቤዝ አይሆንም፣ ስስ ነው።

ዓብዱላሂ: አቦ፣ ከጥጉ ቢያወጡትስ?

ለገሠ: ምኑን?

ዓብዱላሂ: ማጉያውን። የስፌት መኪናዬን ጥግ ሳስቀምጣት ጎረቤቴ ጀማል ግድግዳውን ይደበድባል። ወደ መሀል ሳወጣት ራሱ ሻይ ይልክልኛል።

ለገሠ: ደግሞ ስፌት መኪና! [ሰዓቱን አይቶ] ... ምን ቆመህ ታየኛለህ? በዚያ በኩል ያዝ! እኔ ከመጀመሪያው ጥግ አይሆንም ብዬ ነበር።

ዓብዱላሂ: መቼ?

ለገሠ: በሆዴ!

[ማጉያውን ተሸክመው ወደ መሀል አወጡት። ለገሠ መታ። ጉርምርምታው ቀነሰ፤ አራቱ ድምፆችም ሦስት ሆኑ።]

ዓብዱላሂ: ማሻአላህ። አንድ ቀረ።

ለገሠ: [ድምፁ ዝቅ አለ፤ ትዕቢቱ ለአፍታ ወርዶ ጭንቀቱ ታየ] አንድ ነው ብለህ ትቀልዳለህ። አዛዡ ያችን አንዷን ነው የሚሰማው። ዓብዱላሂ፣ ያንን ከበሮ ታውቀዋለህ? ተሸክመህ ስትሄድ መንገድ አይታይህም። ባለፈው ዓመት በሰልፍ ላይ ሸዋ በር ደርሼ የሽንኩርት ጉልት ላይ ወጥቼበታለሁ። ሕዝቡ ሳቀ። ወደዚያ አልመለስም!

ዓብዱላሂ: ኢንሻአላህ አይመለሱም። ሲመቱ ድምፁ ሄዶ ወለሉን ይነካና ይመለሳል። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል። እኔ ሱቅ ባዶ ሲሆን መኪናዋ ትጮኻለች፤ አዲስ ጣቃ ገብቶ ሲደረደር ግን ዝም ትላለች። ጨርቅ ድምፅ ይበላል።

ለገሠ: [ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ] ቆይ! አትናገር! መጣልኝ!

ዓብዱላሂ: ምን መጣልዎ?

ለገሠ: ጨርቅ! ማጉያው ሥር ወፍራም ጨርቅ ማንጠፍ! ይሄ ሳይንስ ነው፤ አንተ አይገባህም።

ዓብዱላሂ: ሱብሃነላህ። እንዴት አሰቡት?

ለገሠ: ትምህርት ነዋ! ምን አለ እዚህ?

ዓብዱላሂ: የኔ ፎጣ አለ።

ለገሠ: ስስ ነው።

ዓብዱላሂ: የመደቡ ትራስ አለ።

ለገሠ: ትንሽ ነው። [ዙሪያውን ሲቃኝ ዓይኑ ከበሩ በላይ አረፈ] ያውና! ያ ምንጣፍ! ይህን የመሰለ ነገር እዚያ ላይ በከንቱ ተጠቅልሎ ተቀምጧል!

ዓብዱላሂ: እሱን ይተዉት።

ለገሠ: አልተውም!

ዓብዱላሂ: እሱ አይነካም።

ለገሠ: የሚነጠፍ ነገር አይነካም?

ዓብዱላሂ: እሱ እዚያ ነው የሚቀመጠው። የአገሩ ልማድ ነው።

ለገሠ: የአገሩን ልማድ ለኔ ልትነግረኝ ነው? ሐረር አራት ዓመቴ ነው! አቧራ እንዳይነካው ብለው ነው የሰቀሉት፤ በኋላ አራግፈን እንመልሳለን። አውርድ!

ዓብዱላሂ: ወላሂ እኔ አልነካውም።

ለገሠ: ፈሪ! እኔ አወርደዋለሁ።

ዓብዱላሂ: እኔ ይተዉት ብያለሁ፣ ሃምሳ አለቃ። ሁለት ጊዜ ብያለሁ።

ለገሠ: ሦስተኛም በል!

ዓብዱላሂ: ይተዉት። ... መሰላሉ ከበሩ ኋላ ነው።

[ለገሠ ወጣ። ምንጣፉን ታቅፎ ወረደ፤ አስነጠሰው፤ መሀል ቤት አነጠፈውና ማጉያውን ላዩ ላይ አቆመ። ከዚያ መታ።

አራቱም ድምፆች አንድ በአንድ፣ ወፍራምና ጥርት ብለው ወጡ። ለገሠ ደነገጠ። እንደገና መታ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከገዛ ጣቶቹ ወጥቶ አያውቅም። ደስ አለው፤ አፍ አውጥቶ የማይናገረው ዓይነት ደስታ ስለሆነ ዝም ብሎ መታ፣ መታ።]

ዓብዱላሂ: [ስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ] ወላሂ ያምራል። ይሄ ከልቤ ነው።

[በዚህ መሀል ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጥላ ይዘው፣ በተከፈተው በር ብቅ አሉ። ከበሩ በላይ ያለውን ባዶ እንጨት አዩ። ወለሉ ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ አዩ። ተያዩ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ሦስቱም ቃል ሳይናገሩ ዞረው ሄዱ።]

ለገሠ: አየሃቸው? አየሃቸው? ቃል አጠራቸው እኮ! ቤዝ ማለት ይሄ ነው፤ ሽማግሌን አፍ ያስይዛል።

ዓብዱላሂ: [በበሩ አንገቱን አውጥቶ በዓይኑ እየተከተላቸው] እየሄዱ ነው።

ለገሠ: በደስታ ነው የሄዱት።

ዓብዱላሂ: መታጠፊያውን አለፉ። አልሐምዱሊላህ!

[ከግቢው ውስጥ የሴት እልልታ ቀለጠ። ለገሠ ወደ ግቢው ዞሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ።]

ለገሠ: ማን ናት? ሙዚቃ የሚገባት!

ዓብዱላሂ: ዘምዘም ናት። የአዴ ሐዋ ልጅ።

ለገሠ: ጎበዝ ልጅ። ቤዝ ትወዳለች?

ዓብዱላሂ: እኔን ነው የምትወደው።

ለገሠ: ... ምን አገናኘው?

ዓብዱላሂ: እኛ ዘንድ ከበር በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ፣ በዚህ ቤት ለጋብቻ የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። ከወረደ ደግሞ ልጅቷ ታጭታለች ማለት ነው። እነዚያ ሽማግሌዎች ዘምዘምን ለአንድ ባለ ሱቅ ሊጠይቁ ነው የመጡት። እሷ አልፈልግም ብላለች። አዴ ሐዋ ደግሞ «ሽማግሌዎቹ እስከ ሐሙስ፣ እስከ ዐስር ሶላት ሰዓት ካልጠየቁ ላንተ ሰጥቻለሁ» ብለውኛል።

ለገሠ: ዛሬ ምንድን ነው?

ዓብዱላሂ: ሐሙስ።

ለገሠ: [ላብ አጠመቀው] አንተ! የሰው ልጅ በቤዝ ጊታር አጭቼ? አዴ ሐዋ የት ናቸው?

ዓብዱላሂ: ጊደር መጋላ ገበያ ወርደዋል። ይመለሳሉ።

ለገሠ: መሰላሉን አምጣ! እንመልሰው! ቶሎ!

ዓብዱላሂ: እሺ። መመለስ ይቻላል። ያን ጊዜ ግን ወለሉ ባዶ ይሆናል፤ አራቱም ድምፆች ሦስት ይሆናሉ።

[ከውጭ፣ ከጠባቡ መንገድ፣ የቦቲ ጫማ ኮቴ ተሰማ። የአዛዡ ኮቴ ነው፤ ለገሠ በእንቅልፉም ያውቀዋል። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ እንዳደረገ ቀረ። ወደ እንጨቱ አየ፤ ወደ ምንጣፉ አየ፤ ወገቡን በእጁ ዳሰሰ።]

ለገሠ: ... ይቆይ።

ዓብዱላሂ: ምኑ?

ለገሠ: ምንጣፉ ይቆይ አልኩህ! መሰላሉን ደብቅ!

ዓብዱላሂ: [መሰላሉን እየወሰደ] እሺ፣ ሃምሳ አለቃ። ሠርጋችን ላይ ቤዙን እርስዎ ነዎት የሚመቱልን። ኮትዎን በነፃ እሰፋለሁ።

ለገሠ: አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ እዚያ ላይ ሲቀመጥ ለምን ራስህ አላወረድከውም? ለምን እኔ?

ዓብዱላሂ: እኔ ባወርደው ሐረር በሙሉ «ሆን ብሎ ነው» ይለኛል፤ አዴ ሐዋም ዳግመኛ ደጃቸውን አያስረግጡኝም። ባንዱ ውስጥ ያሉትን ሁሉ ደግሞ እንዲያወርዱት ሞከርኳቸው። ሁሉም «ለምን ተሰቀለ?» ብለው መጀመሪያ ጠየቁኝ፤ ስነግራቸው ተዉት።

ለገሠ: እሺ?

ዓብዱላሂ: [የመጨረሻዋን ስፒል የለገሠ ኮት ላይ በጥንቃቄ እየሰካ] ሳይጠይቅ የሚወጣው እርስዎ ብቻ ነዎት።